ከሐኪም ጋር በቪዲዮ ከመገናኘታቸው በፊት

እናት ወይም አባታችሁ የልብ ታካሚ ከሆኑና ሐኪማቸውን በስልክ የሚያገኙ ከሆነ፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ እናንተው በቪዲዮ ደውሉና አለማምዷቸው። እማዬ ያለችው ደሴ ነው፣ ሐኪሟ አዲስ አበባ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግማሹ «ይሰማኛል?» ሲባባሉ አለቀ፣ በጣም ነው የቆጨኝ።

አሁን ደብተር አላት። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሳ ስትመለስ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ትመዘናለች። ከዚያ 5 ደቂቃ አረፍ ብላ ግፊቷን ትለካና ሁለቱንም ትጽፋለች። የልብ ድካም ያለበት ሰው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ሰውነቱ ውሃ እየያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይንገር። የመድኃኒቶቹን ካርቶን ስሙና ሚሊግራሙ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የኢሲጂ (የልብን ምት በመስመር የሚያሳየው ምርመራ) ወረቀት በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንስና ጥቃቅኑ መስመር ይደበዝዛል።

ደረት ላይ ተጭኖ የሚይዝ ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ኔትወርክ ስትፈልጉ ጊዜ አታጥፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉላቸው።