ቴምብርን ከአሮጌ ፖስታ ላይ ማንሳትና ጠብቆ ማቆየት

በአሮጌ ፖስታ ላይ የተለጠፈን ቴምብር ለማንሳት ውሃ ከመቅዳት በፊት፣ ቴምብሩ መነሳት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን መወሰን ይቀድማል። ብዙ ጀማሪዎች ዓይናቸው ቴምብሩ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ፖስታውን እንደ ቆሻሻ ይቆጥሩታል። ይሁንና የተቀባዩ አድራሻ፣ ደብዳቤው ባለፈባቸው ከተሞች የተመታበት ማኅተም፣ የሪኮማንዴ (በአደራ የተመዘገበ ደብዳቤ) ቁጥሩ፣ በጦርነት ዘመን ከሆነም ሳንሱር አድራጊው ከፍቶ መልሶ ያሸገበት ወረቀት፣ ሁሉም ቴምብሩ መቼና ከየት ወዴት እንደተጓዘ የሚመሰክሩ ናቸው። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ፣ ማኅተሙ ከቴምብሩ ተሻግሮ በፖስታው ላይ ጥርት ብሎ ያረፈ ወይም ባልተለመደ መንገድ የተላከ ፖስታ እንዳለ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በሰብሳቢዎች ዘንድም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ፖስታ ከተነሳው ቴምብር የበለጠ ዋጋ አለው። የሚያጠራጥር ከሆነ ይተዉት፤ ዛሬ ያልተነሳ ቴምብር ነገ ሊነሳ ይችላል፣ የተነሳውን ግን ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። ያልተሠራበትና ሙጫው በጀርባው ላይ ያለ ቴምብርም ፈጽሞ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሙጫው ራሱ የዋጋው አካል ነውና።

ለማንሳት የተመረጠውን ቴምብር ከፖስታው ጋር በመቀስ ይቁረጡ፤ በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ይተዉ። መቀሱ በቴምብሩ ጠርዝ ዙሪያ ያሉትን ጥርሶች ከነካ ሥራው ከመጀመሩ ተበላሸ ማለት ነው፤ አንድ ጥርስ የጎደለው ቴምብር በአልበም ውስጥ ወዲያው ያስታውቃል። ቀጥሎ ቁርጥራጮቹን በወረቀታቸው ቀለም ይለዩ። ቀይ፣ አረንጓዴና ደማቅ ቢጫ ፖስታዎች ውሃ ሲነካቸው ቀለማቸውን ይለቃሉ፤ ሐምራዊ ቀለም ባለው ማኅተም የተመታ ወይም በቀለም ብዕር የተጻፈበት ወረቀትም እንዲሁ ነው። እነዚህን ከነጮቹ ጋር በአንድ ሳህን መዘፍዘፍ ሁሉንም ማበላሸት ስለሆነ፣ አንድ በአንድ፣ በቀዝቃዛ ውሃና ለአጭር ጊዜ ብቻ ይዘፍዝፏቸው።

የቴምብሩ የራሱ ቀለም የሚለቅበት ጊዜም አለ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1883 እና በ1884 ያወጣቻቸው ሐምራዊና አረንጓዴ ቴምብሮች፣ ማኅተማቸው ታጥቦ ዳግም እንዳይሠራባቸው ሲባል ሆን ተብሎ ውሃ በሚያጠፋው ቀለም የታተሙ ናቸው። ሰብሳቢ በውሃ ሲያጥባቸው አጭበርባሪን ለመያዝ የተዘጋጀው ወጥመድ እሱኑ ይይዘዋል። ፊታቸው የኖራ ልባጥ በተቀባ ወረቀት ላይ የታተሙ ቴምብሮችም በቀላሉ ስለሚጎዱ፣ ምንነቱን በቴምብር ካታሎግ ያላረጋገጡትን አሮጌ ቴምብር አለመዘፍዘፍ ይበጃል።

ለተራዎቹ ቴምብሮች ዝርግ ሳህንና ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ሙቅ ውሃ ሙጫውን ቶሎ ቢያሟሟም ቀለምንም አብሮ ስለሚፈታ አይመከርም። ቁርጥራጮቹ እንዳይደራረቡ ጥቂት ጥቂት አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው ያስገቧቸው። ከአሥር እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወረቀቱ ውሃውን ጠጥቶ ይከብዳል፣ የቴምብሩ ጠርዝ ቀስ ብሎ ብድግ ይላል፣ አንዳንዱም ማንም ሳይነካው ተላቆ ይንሳፈፋል። የእጅ ሥራ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመውም እዚሁ ነው። እርጥብ ወረቀት ከደረቀው ይልቅ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ስለሆነም እንቢ ያለውን ቴምብር ከመሳብ ይልቅ ለተጨማሪ ጊዜ በውሃው ውስጥ ይተዉት። ሲላቀቅም ወረቀቱን ከቴምብሩ ሥር ያንሸራትቱ እንጂ ቴምብሩን ከወረቀቱ ላይ አይጎትቱ። ከዚያ ቴምብሩን ወደ ሌላ ንጹሕ ውሃ ያዛውሩና ጀርባውን በጣት ጫፍ በስሱ ይዳስሱት፤ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ሙጫው ገና አልለቀቀም። ውሃው በደፈረሰ ቁጥርም ይቀየር።

በኋላ ዘመን የመጡት፣ ጀርባቸው ሳይረጥብ የሚለጠፉት ተለጣፊ ቴምብሮች የተለየ ጠባይ አላቸው። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1964 በሴራሊዮን የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። አንዳንዶቹ ውሃ የሚያሟሟው ስስ ሽፋን ስላላቸው በትዕግሥት ይላቀቃሉ፤ ሌሎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ቢዘፈዘፉም ንቅንቅ አይሉም። ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት በተሠራ ማስለቀቂያ የወረቀቱን ጀርባ አርሶ መላጥ፣ የቀረውንም ማጣበቂያ በታልክ ዱቄት ማድረቅ ይቻላል። ሆኖም እነዚህን ከነወረቀታቸው በአራት ማዕዘን ቆርጦ ማስቀመጥ የተሻለ ይመስለኛል።

የታጠበው ቴምብር ምንም ያልታተመበት ነጭ መጣጭ ወረቀት ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይሰጣል፤ በጀርባው የተረፈ ሙጫ ቢኖር ከወረቀቱ ጋር እንዳይጣበቅ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ቀለሙን ስለሚያስተላልፍ አይሆንም። ፀሐይና ማሞቂያም አያስፈልጉም። ሲደርቅ መጠቅለሉ ያለ ነው፤ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርገው ከባድ መጽሐፍ ሥር ቢያሳድሩት ይስተካከላል።

ከዚህ በኋላ ቴምብሩን በጣት መንካት ይቁም፤ የእጅ ቅባትና ላብ በጊዜ ብዛት እድፍ ይሆናል። ጫፉ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነ የቴምብር ወረንጦ ይጠቀሙ፤ ሹል ጫፍ ያለው የቤት ወረንጦ ወረቀት ይበሳል። ማስቀመጫው ገጾቹ ከአሲድ ነጻ የሆኑ ልዩ አልበም ቢሆን መልካም ነው። የፒቪሲ ላስቲክ ኪስ ለማለስለሻ የገባበት ኬሚካል እየወጣ ቴምብሩን ስለሚጎዳ፣ በፖሊስተር የተሠራውን ይምረጡ። ስኮች ቢጫ ጠባሳ ይተዋል፣ አግራፍ ይዝጋል፣ የጎማ ላስቲክም ከጊዜ በኋላ ቀልጦ ይጣበቃል፤ ሙሉ ፖስታዎችም ቢሆኑ ከሦስቱም መራቅ አለባቸው።

አልበሙን ብርሃን በማያገኘው፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱም 50 በመቶ አካባቢ በሆነ ቦታ ያኑሩት። ገጾቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጫጫኑ አቁመው ያስቀምጡት፤ አልፎ አልፎም እየገለጡ አየር ያስነኩት። ቡናማ ነጠብጣብ የታየበት ቴምብር ካለ ከእርጥበትና ከሻጋታ ሊሆን ስለሚችል፣ ወዲያውኑ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው ይቀመጥ።