ብረቱ ለምን ብረት አልመስል አለ? ብሌንደር ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር) የጀመሩ ልጆች ሬንደራቸውን፣ ማለትም የመጨረሻውን ምስል ልከው «ብረቱ ብረት አልመስል አለኝ» ሲሉኝ፣ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ሳልከፍት መልሱን አውቀዋለሁ። ዙሪያው ባዶ ነው። ለምሳሌ አንዱ ልጅ የውሃ ቧንቧ ሠርቷል። ቅርጹ ቆንጆ ነው፣ ሜታሊክ (ከ0 እስከ 1 ብረትነቱን የሚወስነው ቁጥር) 1 ነው፣ ራፍነሱም (የላዩ ሻካራነት) ዝቅ ብሏል። ከዚያ ቧንቧውን ባዶ ግራጫ ውስጥ አንጠልጥሎ በአንዲት መብራት ሬንደር ያደርገዋል። የሚወጣው አንዲት ነጭ ነጥብ ያለችበት ጥቁር ነገር ነው። ያን ጊዜ ማቴሪያሉን (የላዩን ቀለምና ባህርይ የሚወስነውን ቅንብር) መነካካት ይጀምራል። ቀለሙን ያነጣል፣ ስፔኩላር (የነጸብራቅ መጠን) ይጨምራል፣ ዩቲዩብ ላይ «ምርጥ የክሮም ማቴሪያል» ሲፈልግ ያመሻል። ወገን፣ ማቴሪያሉ ምንም አልሆነም!

እንጨት ወይም ግድግዳ ብርሃኑን በትኖ የራሱን ቀለም ያሳያል። ብረት እንዲህ አያደርግም። ወደ ውስጥ የገባው ብርሃን እዚያው ይቀራል፤ የምናየው ከላዩ የተንጸባረቀውን ብቻ ነው። ዙሪያው ባዶ ከሆነ የሚያንጸባርቀውም ባዶ ነው። ማንኪያ አንሱና እዩ፤ መስኮቱ አለ፣ አምፖሉ አለ፣ ፊታችሁም ተጣሞ አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ ኤችዲአርአይ (ዙሪያውን ሁሉ የሚሸፍንና ብርሃን የሚሰጥ ፎቶ) አስገቡ። ፖሊ ሄቨን የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። በጣም ለሚያብለጨልጭ ብረት አነስተኛ ጥራት ያለው 1ኬ ስለሚደበዝዝ ጥራቱ ከፍ ያለውን 4ኬ አውርዱ። ከዚያ በዜድ (ወደ ላይ በቆመው) ዘንግ ቀስ እያላችሁ አዙሩትና ነጸብራቁ የት ላይ እንደሚያምር ፈልጉ። ካልበቃችሁ ረዘም ያለ ኤሪያ ላይት (ሰፊ ገጽ ያለው መብራት) በቧንቧው ቁመት ልክ አቁሙ። ጥቁር ፕሌንም (ጠፍጣፋ ገጽ) አትርሱ። ክሮም የሚያነሱ ፎቶግራፈሮች ነጭ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ ሳጥን) ብቻ አያቆሙም፤ ጥቁር ካርቶንም ያቆማሉ። ጠርዙን ለይቶ የሚያወጣው ያ ጥቁር መስመር ነው።

ሜታሊክን 0.5 ማድረግ ሌላው በሽታ ነው። ነገሩ ወይ ብረት ነው፣ ወይ አይደለም። ደንበኛው «የብረት በር» ስላለ ብቻ 1 የሚያደርግም አለ። በሩ ዘይት ቀለም ተቀብቶ የለም እንዴ? የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ስለዚህ 0። ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም መስኮትም እንደዚያው። ዝገትም 0 ነው። ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የወጣበት ቦታ ላይ ብቻ በማስክ (ቦታውን በሚለይ ጥቁርና ነጭ ምስል) 1 አድርጉት።

ወርቅ ድፍን ቢጫ አይደለም። ቤዝ ከለሩን (መሠረታዊ ቀለሙን) በሊኒየር፣ ማለትም በቀጥተኛው የብርሃን መጠን፣ ቀይ 1፣ አረንጓዴ 0.77፣ ሰማያዊ 0.34 ስጡት። መዳብ 0.95፣ 0.64፣ 0.54 አካባቢ ነው። ብር ከ0.9 በላይ ነው። ክሮም ደግሞ 0.55 ገደማ ላይ ነው፤ 0.1 አድርጋችሁ ለምን ጠቆረ አትበሉ።

የራፍነስ ቴክስቸር (ሻካራነቱን የሚወስን ምስል) ስታስገቡ ከለር ስፔሱን (ምስሉ የሚነበብበትን መንገድ) ኖን ከለር፣ ማለትም «ቀለም ሳይሆን ቁጥር» አድርጉት። ይህችን ነገር ምን ያህል ሰው እንደሚረሳት! ብሌንደር ምስሉን እንደ ተራ ፎቶ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የስክሪን ቀለም) ብሎ ካነበበው፣ 0.5 የነበረው ራፍነስ ወደ 0.21 ይወርዳል። ብረቱ ካሰባችሁት በላይ ያብለጨልጫል፤ እናንተም ጥፋቱን መብራቱ ላይ ትፈልጋላችሁ።

ራፍነስ ድፍን 0 የሆነ እጀታ ሰው ነክቶት አያውቅም ማለት ነው። ከ0.15 እስከ 0.35 የሚዋዥቅ ነገር ስጡት። ግን ደግሞ ጭረት እንደ በርበሬ አትነስንሱበት። እጅ የሚይዘው የት ጋ ነው? ቁልፍ የሚነካው የት ነው? እዚያ ላይ ብቻ።

ጠርዝ ላይ ቤቨል (ሹሉን ጠርዝ ማለዘቢያ) አድርጉ፣ ግማሽ ሚሊሜትርም ቢሆን። መጀመሪያ በኮንትሮል ኤ ስኬሉን (የለወጣችሁትን መጠን) አፕላይ አድርጉ፤ አለበለዚያ ቤቨሉ አንዱ ጋ ወፍሮ አንዱ ጋ ይቀጥናል።

የስቴይንለስ ድስት ክዳን የምትሠሩ ደግሞ እውነተኛውን ክዳን መብራት ስር ያዙት። ከመሃል ወደ ጠርዝ እንደ ማራገቢያ የሚሰፋ ብርሃን ታያላችሁ። ክብ እየሠሩ ከሚዞሩት ደቃቅ መስመሮች የመጣ ነው። አናይሶትሮፒክን (ነጸብራቁን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዘረጋውን ቅንብር) ከፍ አድርጉና ታንጀንት ኖድ (የመስመሮቹን አቅጣጫ የሚነግረውን ሳጥን) በራዲያል ዜድ፣ ማለትም በቆመው ዘንግ ዙሪያ አገናኙ። ከብሌንደር ሁለት የሬንደር ሞተሮች በሳይክልስ ነው የሚሠራው፤ በሌላው በኢቪ ላይ አትድከሙ።