ፋራሚርን ማን ቀየረው? የምንወደው መጽሐፍ ፊልም ሲሆን የምንሠራቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምናባዊ ልብ ወለድ የሚወዱ የሰፈሩ ወጣቶች ይሰበሰባሉ። ያለችንን አንዲት ቅጂ ተራ በተራ አንብበን ስንጨርስ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ፊልሙን አብረን እናያለን። ከዚያ እስከ ምሽት ክርክር ነው። ክርክሩ መስመር የሚስተው ግን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታዎች ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከመልክ መጀመር ነው። የሃሪ ፖተር ዓይን በመጽሐፉ አረንጓዴ፣ በፊልሙ ሰማያዊ ነው፤ እውነት ነው። የሃሪ መምህር ስኔፕም በመጀመሪያው መጽሐፍ ሠላሳዎቹን ገና የጀመረ ሰው ሲሆን፣ እሱን የተጫወተው አለን ሪክማን የመጀመሪያው ፊልም በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 55 ዓመቱ ነበር። ያንን ቃል እየመዘነ የሚናገር ድምፅ ከሰማ በኋላ ስለ ዕድሜው ያነሣ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁለተኛው፣ የተቆረጠውን ብቻ ቆጥሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረውን አለማየት ነው። በሦስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ፣ እግሩ የተሰበረው የሃሪ ጓደኛ ሮን እንደ ምንም ተነሥቶ ይቆምና ሃሪን ሊገድል የመጣ የመሰላቸውን ሰው እኛንም መግደል ይኖርብሃል ይለዋል። በ2004ቱ ፊልም ይህን የምትናገረው ሌላዋ ጓደኛቸው ሄርሞይኒ ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሮን ጀግንነት ግን አብሮት ሄደ። ፊልሙን ብቻ ያዩት ልጆች ሮንን እንደ ፈሪ የሚያስቡት በእንዲህ ያለው ዝውውር ይመስለኛል።

ሦስተኛው ለውጥን ሁሉ የድንቁርና ሥራ አድርጎ መቁጠር ነው። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን ስናይ፣ በሁለተኛው ፊልም የጦር አለቃው ፋራሚር፣ የያዘውን ሰው የሚያበላሸው ቀለበት ወደ አገሩ ወደ ጎንዶር ይሄዳል ባለ ጊዜ አንዲት ልጅ ፊልሙን አቆመችው። «ጋሼ፣ ይህ ሰውዬ ማን ነው?» አለች። ማን መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች። በመጽሐፉ ፋራሚር መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው እንኳ እንደማያነሣው የሚናገር ሰው ነው።

ፊልም ሠሪዎቹ ምክንያት ነበራቸው። በመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የምትመጣውን ሸረሪት ወደ ሦስተኛው፣ ወደ 2003ቱ ፊልም ስላሻገሯት፣ ቀለበቱን ለማጥፋት ለተነሣው ለፍሮዶ ጉዞ ሌላ አደጋ አስፈለጋቸው። ቀለበቱን በቀላሉ የሚተው ሰው ከታየም ቀለበቱ ማስፈራቱ ይቀንሳል ብለው ሰጉ። ይህን ሳያውቁ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ሆኖም ምክንያቱን አውቆ ዋጋውን መርሳትም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ቦሮሚርና ፋራሚር የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አንዱ ለቀለበቱ ወደቀ፤ ሌላው ገና ከመነሻው እጁን ሰበሰበ። በፊልሙ ፋራሚርም መጨረሻ ላይ ይለቃል፤ ነገር ግን እስረኞቹን፣ ፍሮዶንና አብረውት ያሉትን፣ እስከ ኦስጊሊያት ከተማ ከጎተተ በኋላ ነው። ተጸጽቶ የመለሰና ከመጀመሪያው ያልነካ አንድ አይደሉም። እኔ ይህን ለውጥ እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም።

የመጨረሻው ስህተት የራስን ሥዕል ሳይዙ ፊልም መክፈት ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሰው በዛብህን ከዚያ ድምፅ መለየት ይቸግረዋል። ወጋየሁ ግን የደራሲውን ቃል ነበር የሚያነበው፤ ፊልም የራሱን ቃል ይጽፋል። ስለዚህ ፊልሙን ከመክፈትዎ በፊት፣ የሚወዱት ገጸ ባሕርይ ፈጽሞ የማያደርገውን አንድ ነገር በቁራጭ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። እኛ ቤት ሁሉም ይጽፋል። የዚያች ልጅ ወረቀት አሁንም መጽሐፉ ውስጥ፣ ፋራሚር ያለበት ምዕራፍ ላይ አለ፤ በእርሳስ «አይወስድም» ይላል።