የወንጀል ፍርድ ግልባጭ እንዴት ይወጣል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። «የወንድሜን ፋይል ላወጣ ነበር» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው የመዝገብ ቁጥሩን ነው። መጥሪያው ላይ «መ/ቁ» ከሚለው ጎን አለላችሁ። ከጠፋ የተከሳሹን ስም እስከ አያት፣ የክሱን ዓይነትና ውሳኔ ያገኘበትን ዓመት ይዛችሁ መዝገብ ቤት ጠይቁ።

ክሱ የት እንደታየም አጣሩ። ቀላሉ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ እንደ ነፍስ ግድያ ያለው ከባዱ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ደጀን ወረዳ የታየን ክስ ማርቆስ መጥቶ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ይግባኝ ከተባለበት ግን መዝገቡ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ከሳሽ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከሳሽ እገሌ፣ መ/ቁ። ከሥር፦ «በዚህ መዝገብ በቀን … የተሰጠው ፍርድ ግልባጭ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።» በቃ! ሰው ሁሉ የጠቡን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ካልጻፍክልኝ ይለኛል። ሬጅስትራሩ ያን ለማንበብ ጊዜ የለውም።

ወኪል ከሆናችሁ ውክልናውን አያይዙ። ባለጉዳይ ካልሆናችሁ ለምን እንደፈለጋችሁት ጻፉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ችሎት ለሕዝብ ግልጽ ነው ይላል፤ በዝግ የታየ ጉዳይ ግን እንዲሁ አይሰጥም።

ለይግባኝ ከሆነ ቀኑ ይቆጠራልና ፍርዱ እንደተነበበ ጠይቁ። ስትቀበሉ ማኅተሙን ገጽ በገጽ እዩ።

ለሥራ «ከወንጀል ነፃ» የሚባለውን የምትፈልጉ ደግሞ እዚህ አትሰለፉ፤ እሱ ፖሊስ ጋ ነው፣ በጣት አሻራ።