ሬንደር ፋርሙ ላይ ብቻ ሮዝ ሆኖ የሚወጣ ምስል

ለዲዛይን ቡድናችን 6 ኮምፒውተር ያለው ሬንደር ፋርም (ከ3ዲ ፋይል ምስል የማውጣቱን ሥራ ማለትም ሬንደሩን የሚከፋፈሉ ኮምፒውተሮች) ስዘረጋ አራት ቀን የበላብኝ ችግር ይሄ ነው። የብሌንደር (የ3ዲ ሶፍትዌር) ፋይሉን ማሽኑ ላይ ገብቼ ራሴ ሬንደር ሳደርገው ልክ ነው። በወረፋ ሲላክ ግን ወንበሩም ግድግዳውም ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ብሌንደር ቴክስቸር (ዕቃው ላይ የሚለበጠውን ምስል) ሲያጣ የሚቀባው ቀለም ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የብሌንደር ቨርዥን ጫንኩ። ለውጥ የለም። የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር አደስኩ። ወይ ፍንክች! ቴክስቸሮቹን ፋይሉ ውስጥ ፓክ ሳደርጋቸው ሮዙ ጠፋ፤ ፋይሉ ግን አብጦ ኔትወርኩን አንቆ ያዘው።

ፍንጩን ያገኘሁት ወርከሩን (ከወረፋው ሥራ ተቀብሎ ሬንደር የሚያደርገውን ፕሮግራም) የሚያስነሳው ባች ፋይል (የትእዛዞች ፋይል) ውስጥ ዜድ ድራይቭን፣ ማለትም ቴክስቸሮቹ ያሉበትን የፋይል ሰርቨር ፎልደር፣ የሚዘረዝር «ዲር» ትእዛዝ ስጨምር ነው። ሎጉ ድራይቩ የለም አለኝ። ዴስክቶፑ ላይ እኮ ዜድ ዓይኔ እያየ ተከፍቷል!

ለካ ዊንዶውስ ላይ ማፕ የተደረገ ድራይቭ (የድራይቭ ፊደል የተሰጠው የኔትወርክ ፎልደር) የሚታየው ማፕ ላደረገው ተጠቃሚ፣ ያውም ማፕ ባደረገበት ሎግ ኦን ሴሽን ውስጥ ብቻ ነው። ወርከሩ ደግሞ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ሆኖ በሎካል ሲስተም፣ ማለትም በዊንዶውስ የራሱ አካውንት ነበር የሚሠራው።

ስለዚህ ፋይል ሰርቨሩ ላይ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ ፈጠርኩ። ሰርቪሱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሎግ ኦን» የሚለው ታብ ላይ እሱን አስገባሁ። ከዚያ ባች ፋይሉ መጀመሪያ ላይ በ«ኔት ዩዝ» ትእዛዝ ዜድን አገናኘሁና ሰርቪሱን ሪስታርት አደረግኩ። አካውንቱን ሳትቀይሩ «ኔት ዩዝ» ብቻ አትሞክሩ፤ እኔን ፈቃድ የለህም ብሎ መልሶኛል።

የዚያ ተጠቃሚ ፓስወርድ ጊዜው እንዳያልፍ አድርጉት። አለዚያ አንድ ጠዋት ሰርቪሱ አልነሳም ይላችኋል።