ጎመኑ ሲያድግ ጽሑፉ እንዳይጠወልግ

አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ ሲገባ ነው ነገሩ የጀመረው። ጃንሜዳ ለአራት ኪሎ ሰው ሩቅ አይደለም። ግን ጊዜው ከቤት አትውጡ የሚባልበት ነበርና፣ ከአጥሩ ሥር ቆፈር ቆፈር አድርጌ ቆስጣ ዘራሁ። ዛሬ አራት ሜትር የምትሆን መደብና አፈር የሞላሁባቸው ሰባት ማዳበሪያዎች አሉኝ። እንጀራው የሚመጣው ከጽሑፍ ነው፣ ወጡ አንዳንዴ ከጓሮ። ሁለቱን አብሬ ላስኬድ ስል ያበላሸሁት ግን ተቆጥሮ አያልቅም። ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

የሰው አገር ወቅት መከተል

በጣም ያስከፈለኝ ይኼ ነው። ፈረንጅ ቪዲዮ ላይ ሰኔ የቲማቲም ወር ነው። እኔም ሰኔ ላይ 12 ችግኝ ተከልኩ። የእነሱ ሰኔ ፀሐይ ነው፣ የእኛ ዝናብ። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ወቅትን የሚለየው ብርሃን ሳይሆን ዝናብና ብርድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሰውንም ችግኝንም ያንዘፈዝፋል።

ነሐሴ ሲገባ የቲማቲሞቼ ቅጠል የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቆረ። ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ነበረው። ፍሬው ሳይቀላ ቡናማ ሆኖ ረገፈ። ይኼ እርጥበት የሚወድ በሽታ ድንችንም አይምርም። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ለእንቁጣጣሽ የሚወጣ ጽሑፍ ይዤ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ጃንጥላ ይዤ እየወጣሁ ቅጠል ስቆርጥ ጽሑፉም ዘገየ፣ ቲማቲሙም አልተረፈ።

አሁን ክረምቱን ለጎመን፣ ለቆስጣና ለቀይ ሥር ትቼዋለሁ። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አደርገዋለሁ፤ ሸክላማው አፈራችን ውሃ ከቋጠረ ሥር ያበሰብሳል። ቲማቲም ካማረኝ ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያሞቀው ግድግዳ ሥር አንድ ሁለት ችግኝ ብቻ።

ትዕግሥት የሌለው አትክልትና ዴድላይን ማገናኘት

ሰላጣ አይጠብቅም። ሳይቆረጥ ከቆየ አናቱን ቀስሮ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመራል። አንድ ጊዜ 30 ሰላጣ በአንድ ቀን አዛውሬ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ደረሱልኝ። ሳምንቱ ደግሞ አርታኢው በየሁለት ሰዓቱ የሚደውልበት ነበር። ለጎረቤት አደልኩ፣ የተረፈው አበባ አወጣ።

ረጅም ሥራ ስይዝ የምተክለው የሚታገሱትን ነው። ቆስጣና የሐበሻ ጎመን ዳር ዳሩን ቅጠል እየቀጠፉ ለወራት ይበላሉ፤ ሳምንት ብትረሷቸው አያኮርፉም። ነጭ ሽንኩርት አራት አምስት ወር አፈር ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ካሮትም ደህና ነው፣ ብቻ እንደ ጎመን ችግኙን ነቅላችሁ አታዛውሩት። ሥሩ ይጣመማል። ሰላጣ የግድ ከሆነ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዝሩ።

«ውሃ አጠጥቼ ልምጣ»

ይኼን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ሰው «ቡና ጠጥቼ ልምጣ» ይላል፣ እኔ ጓሮ አለኝ። አንቀጹ እምቢ ሲል እነሣለሁ። የጎመኑን ቅጠል ስገለብጥ ክሽክሽ የምትባለው ጥቃቅን ተባይ ግራጫ ዱቄት መስላ ከሥሩ ተለጥፋለች። በአውራ ጣቴ እጠርጋለሁ። ቀጣዩን ቅጠል እገለብጣለሁ። ከዚያ የሳሙና ውሃ ልበጥብጥ እላለሁ፣ ከዚያ ጣሳው ይፈለጋል። ቀና ስል ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ኮምፒውተሩም ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል።

የግቢያችን እናት ይኼን ብዙ ቀን ታዝበው፣ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጡ «አንተ ልጅ፣ ጎመኑ ነው ወይስ አንተ ነህ ውሃ የጠማህ?» አሉኝ። ሳቅሁ፣ ግን ወደ ቤት ገባሁ።

ጠዋት ማጠጣት ይሻላል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። ግን የእኔ ጭንቅላትም የሚሠራው ጠዋት ነው። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ቅጠሉን ሳልነካ ከሥሩ አፈሳለሁ። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት ጀሪካን ሞልቼ አድራለሁ። አፈሩን በጭድ ከሸፈንኩት ወዲህ በየቀኑ የነበረው ወደ ሁለት ቀን አንዴ ወርዷል። እስከ አምስት ሰዓት አፈር አልነካም። ክሽክሽም ትጠብቅ።

ቅጠሉን ለኅዳር ሲታጠን ማቃጠል

ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ይጨሳል። ልማዱ በ1911 ከተማዋን የፈጀውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ደረቁን ቅጠል ሁሉ ሰብስቦ ማንደድ ማዳበሪያን ማንደድ ነው። ትንሽ ለጭሱ፣ የቀረው ወደ ብስባሽ ጉድጓድ። የድንች ልጣጭና የቡና አተላ ብቻውን ይሸታል፤ ደረቅ ነገር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጸሐፊ ዕድለኛ ነው። የተሰረዘ ረቂቅ ቀዳድጄ እጨምራለሁ፣ የሚያብለጨልጨውን የመጽሔት ወረቀት ግን አይደለም። ያልጨረስኩት ልብ ወለድ ሦስት ምዕራፍ እስካሁን ቆስጣ ሆኗል።

«አልረሳውም» ማለት

ስንት ሺህ ቃል ስጽፍ ውዬ፣ ዘሩን የዘራሁበትን ቀን አልጽፍም ነበር። አሁን አንድ ደብተር አለ፣ ለሁለቱም። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 9። ነጭ ሽንኩርት፣ 40 ፍሬ። ምዕራፍ 4 እንደገና ከመጀመሪያው።»