ፖሊሽ ከማንሳታችሁ በፊት ጭረቱን አርጥቡት

መኪናችሁ ላይ ጭረት ስታዩ ወዲያው ፖሊሽ አታንሱ። መጀመሪያ ቦታውን በደንብ እጠቡና ውሃ አድርጉበት። እርጥብ ሳለ ጭረቱ ከጠፋ፣ እሰየው! የተጎዳው ከቀለሙ በላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ብቻ ነው። ውሃው ጭረቱን ሲሞላው ብርሃን እዚያ መበታተኑን ስለሚቀንስ ነው ከዓይን የሚሰወረው። እንዲህ ያለው ጭረት በፖሊሽና በለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይለቃል። ጥላ ውስጥ፣ ቦዲው ቀዝቀዝ ሲል ሥሩት፤ ፀሐይ ላይ ፖሊሹ ቶሎ ይደርቅና ያስቸግራችኋል። ደግሞ አታብዙት። ያ ሽፋን ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ካለቀ አይመለስም።

ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሻግራችሁ ስትጎትቱት ከያዘው ግን ፖሊሽ ትርፉ ድካም ነው። በመኪናችሁ የቀለም ኮድ የተዘጋጀ ቀለም ያስፈልጋችኋል። ኮዱ ብዙ ጊዜ የሾፌሩ በር መቃን ላይ ወይም ኮፈኖው ስር ይገኛል። ዋናው ዘዴ እዚህ ጋ ነው፦ ከቀለሙ ጋር የሚመጣውን ብሩሽ ተዉት፤ ወፍራም ስለሆነ ከጭረቱ ውጭ ያዝረከርካል። በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ጠብታ እያነሳችሁ ጭረቱ ውስጥ ብቻ አስነኩት። ቀለሙ ራሱ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ሲደርቅ ስለሚሰረጉድ፣ ስስ አድርጋችሁ እያደረቃችሁ ሁለት ሦስቴ ደራርቡት።

ዝገት ከጀመረ ግን ሳታስለቅቁት አትቀቡ፤ ከስር መብላቱን ይቀጥላል። የማያብረቀርቅ ማት ቀለም ላይ ደግሞ ፖሊሽ በጭራሽ እንዳትሞክሩ። የታሸው ቦታ ብቻውን አብረቅርቆ ይቀራል።